ስልኬ ያልረሳቸው ስሞች

ሰሞኑን እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ምክንያቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ትናንት ሌሊትም ቤቱ ሁሉ ተኝቶ እኔ ስገላበጥ ቆየሁና ስልኬን አነሳሁ። ኢንተርኔቱ የተንቀረፈፈ መሰለኝ። ዋይፋዩን ልየው ብዬ ሴቲንግ ውስጥ ስገባ፣ ከእኛው ስም በታች የማላውቀው ኔትወርክ አየሁ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ስም ነው። ፓስዎርድ አለው። ሲግናሉ ሙሉ ነው።

የጎረቤቶቻችንን አውቃቸዋለሁ። እነሱ አንድ ሲግናል፣ ቢበዛ ሁለት ያሳያሉ። ይኼኛው ሙሉ መሆኑ ከነከነኝ። ሙሉ ከሆነ እዚሁ አጠገባችን ነው፤ ምናልባትም እዚሁ ቤት ውስጥ።

እንዲህ ያለ ነገር ሳላጣራ መተኛት አይሆንልኝም። ላፕቶፔን ከፈትኩ። የኔትወርክ ስም ማስረጃ አይሆንም፤ ማንም የፈለገውን ስም ማውጣት ይችላል። ከስሙ ሥር ግን ሌላ መለያ አለ። የዋይፋይ መመርመሪያ አፕ ያሳየዋል፤ 12 ፊደልና ቁጥር፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተደረደሩ። የመጀመሪያዎቹ 6 የአምራቹ ናቸው። አይ ትሪፕል ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ነው ለአምራቾች የሚያድላቸው። ዝርዝሩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ቲቪ ሠሪ ይሁን ራውተር ሠሪ መገመት ይቻላል። የዚህኛው መለያ ሁለተኛ ቦታ ላይ ግን 6 ነበር። እዚያ ቦታ ላይ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከተገኘ ከአምራች የመጣ መለያ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ያወጣው ነው። የስልክ ሆትስፖት፣ የእንግዳ ኔትወርክ፣ ፕሪንተር ከስልክ ጋር በቀጥታ ለመገናኘት የሚከፍተው ኔትወርክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ስለዚህ በእግሬ ፈለግኩት። የሲግናል ጥንካሬ በዲቢኤም ይለካል፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ወደ ምንጩ እየተጠጋን ነው። -90 አካባቢ ከደረሰ ሊጠፋ ነው፤ -30 ካለ አጠገብህ ነው። ላፕቶፑን ታቅፌ በጨለማ ሄድኩ። ሳሎን -70። ኮሪደሩ ላይ -61። የታናሼ ክፍል በር ላይ -44። በሩን ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ስልኩን ደረቱ ላይ እንዳደረገ ተኝቷል፤ ሆትስፖቱ እንደበራ ነው። ስልኩ አዲስ ስለሆነ ስም ገና አላወጣለትም።

አጥፍቼለት ወጣሁ። ነገሩ እዚህ ማለቅ ነበረበት። ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የድሮው ስልኩ ቢሆን ኖሮ የእኔ ስልክ ሳይጠይቀኝ ዘው ብሎ ይገባ ነበር፤ ያውቀዋላ። ስንት የሚያውቀው አለ?

ሴቭ የተደረጉትን ከፈትኩ። ያኔ የተከራየነው ቤት። የድሮ መሥሪያ ቤቴ። የመ. ሆትስፖት፣ አሁን ሰላምታ እንኳ የማንለዋወጥ። አንድ ጊዜ ብቻ ያደርኩባቸው ሆቴሎች።

ብዙዎቹ ክፍት ናቸው፤ ፓስዎርድ የላቸውም። እነዚህን ማጥፋት ይሻላል። ስልክ የሚያውቀውን ኔትወርክ የሚለየው በስሙና በጥበቃው ዓይነት ነው። ፓስዎርድ ያለው ከሆነ ስሙ ቢመሳሰልም ፓስዎርዱ ካልገጠመ አይገናኝም። ክፍት ለሆነው ግን ስሙ ብቻ ይበቃዋል። ተንኮለኛ ሰው በዚያው ስም የራሱን ቢከፍት ስልኬ አምኖት ይገባል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ ለምታውቋቸው ሁሉ ንገሩልኝ። ሆቴሎቹን አንድ በአንድ ሰረዝኩ።

ከዚያ የሆስፒታሉ ስም ላይ ደረስኩ።

እሱም ክፍት ነው። እማ የተኛችበት ክፍል ውስጥ አይሠራም ነበር። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮቱ ሥር ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ብቻ ይይዛል። ማታ ማታ ጋቢዋን ደርባ፣ ክንዴን ይዛ እስከዚያ ትሄዳለች። ቪዲዮ ከፍቼ ውጭ አገር ያለችውን ታላቄን እደውልላታለሁ። እማ ስልኩን ወደ ፊቷ እየሳበች፣ «ጠጋ አድርጊልኝ፣ አይታየኝም» ትላለች። ጠያቂ የሚበዛበት ሰዓት ላይ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር። በአንድ ቻናል፣ ማለትም በአንድ የዋይፋይ የሬዲዮ መስመር ላይ ያሉ መሣሪያዎች በየተራ ነው የሚያወሩት፤ ሁሉም ስልኩን ሲያወጣ ተራው ይረዝማል።

እማ ሁልጊዜ የምትላት አንድ ነገር ነው። «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን እንዳትተዪ፣ አትምጪ።» ይህን ሳትላት የዘጋችበት ቀን አልነበረም። በመጨረሻው ሰሞን አንድ ማታ ግን ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እስቲ ከተመቸሽ ብቅ በይ» አለቻት። ስክሪኑን አየሁት። ታላቄ ፈገግ እንዳለች ቀጥ ብላለች። መቼ ቀጥ እንዳለች አላውቅም፤ ከቃሉ በፊት ይሁን በኋላ። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። እማ ጋቢዋን ሰብስባ «በቃ እንግባ» አለችኝ።

ታላቄ አልደረሰችም። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ስንደዋወል፣ ስንላቀስም፣ ያችን ማታ አንስተናት አናውቅም።

ስሙን አልሰረዝኩትም። በራሱ እንዲገባ የሚያደርገውን ብቻ አጠፋሁት፤ ለጥንቃቄው እሱ ይበቃል። ከዚያ ከታላቄ ጋር የምንጻጻፍበትን ከፈትኩ። እሷ ጋ ገና ቀን ነው፣ ኦንላይን ናት። «ያን ቀን እማ ያለችሽን ሰምተሽ ነበር?» ብዬ ጻፍኩና ሳልልከው ቁጭ አልኩ።

ሰምታው ከሆነ ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻዋን ይዛው ኖራለች ማለት ነው። ካልሰማችውስ፣ አሁን ልንገራት?