በ1870 ከተፈቀደ፣ በ1965 ሰልፉ ለምን ነበር?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ አዛውንቶችን አስጠናለሁ። በቀደም ስለ ምርጫ መብት የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ አንድ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ጥቁር እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1870 ነው አልሽን። ታዲያ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1965 ሰልፍ የወጣው ምን ፈልጎ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ከፈተናው ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጣል። እዚያው አጠር አድርጌ መለስኩላቸው። ረዘም ያለውን እዚህ ልጻፈው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የእርስ በርስ ጦርነቱ እንዳበቃ ሦስት የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ወጡ። 13ኛው በ1865 ባርነትን አስቀረ። 14ኛው በ1868 እዚህ የተወለደ ሰው ዜጋ ነው፣ በሕግ ፊትም እኩል ነው አለ። የኛ ልጆች እዚህ ሲወለዱ ዜጋ የሚሆኑት በዚሁ ነው። 15ኛው በ1870 ማንም በዘሩ ወይም በቀለሙ የተነሳ ድምፅ እንዳይከለከል ደነገገ። ሦስቱም ዛሬም እዚያው ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አሉ። አንድ ፊደል አልተፋቀባቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃሉን ሳይነካ ጉልበቱን ነው የወሰደው።

ኮልፋክስን እንይ። ሉዊዚያና ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የ1872ቱ የግዛት ምርጫ አጨቃጫቂ ስለነበር ጥቁሮች የፍርድ ቤቱን ሕንፃ ይዘው ይጠብቁ ነበር። ኤፕሪል 13 ቀን 1873፣ ፈረንጆቹ ፋሲካ በሚያከብሩበት እሁድ፣ የታጠቁ ነጮች መድፍ እየጎተቱ መጡ። ሕንፃውን በእሳት ለቀቁበት። እጅ ሰጥተው የተያዙትን ደግሞ ማታ ረሸኗቸው። የሟቾቹ ቁጥር ከ60 እስከ 150 ይገመታል። ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ተከሰሱ። ችሎት ፊት የቀረቡት ዘጠኝ ናቸው። የተፈረደባቸው ሦስት።

በ1876 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሦስቱንም ፍርድ አፈረሰው። 14ኛው ማሻሻያ የሚያስረው የግዛት መንግሥትን እንጂ ግለሰብን አይደለም አለ። ሰዎቹ የተጠቁት ጥቁር በመሆናቸው ነው ተብሎ በክሱ ላይ በግልጽ አልተጻፈም ሲልም ጨመረበት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። እነዚያ ሰዎች ለምን እንደተገደሉ የማያውቅ ዳኛ አልነበረም። በ1950 እዚያው የቆመው የመታሰቢያ ሰሌዳ ጭፍጨፋውን «ረብሻ» ይለው ነበር። ሰሌዳው የተነሳው ገና በ2021 ነው።

ዳኞቹ የባሪያ አሳዳሪዎቹ ወገን የሾማቸው እንዳይመስላችሁ። በ1883 ወንበሩ ላይ የነበሩትን ዘጠኙንም የሾሟቸው የሊንከን ፓርቲ ፕሬዝዳንቶች ናቸው። ለኔ ወግ አጥባቂ ፍርድ ቤት ማለት የአንድ ፓርቲ ፍርድ ቤት ማለት አይደለም። የተጎዳውን ሰው «ይብቃህ፣ አሁን ራስህን ቻል» ለማለት የሚቸኩል ፍርድ ቤት ነው። በዚያ ዓመት ጥቁር ሰው ከሆቴል፣ ከቲያትርና ከባቡር እንዳይባረር በ1875 የወጣውን ሕግ 8 ለ 1 ሻሩት። ዳኛ ብራድሊ ከባርነት የወጣ ሰው «የሕግ ልዩ ተወዳጅ» መሆኑን የሚያቆምበት ጊዜ አለ ብለው ጻፉ። ባርነት ከቀረ ገና 18 ዓመቱ ነበር።

የተቃወሙት አንዱ ጆን ማርሻል ሃርላን ናቸው። የኬንታኪ ሰው ናቸው፣ ራሳቸውም ባሪያ አሳዳሪ የነበሩ። የልዩነት ሐሳባቸውን መጻፍ ጀምረው ብዕሩ አልሄድ አላቸው። ባለቤታቸው ማልቪና በትዝታቸው እንዳወሩት፣ ዳኛው ከሰበሰቧቸው የታሪክ ዕቃዎች መካከል የቀድሞው ዋና ዳኛ የሮጀር ቴኒ የቀለም ብልቃጥ ነበር። ቴኒ የኛው የሜሪላንድ ሰው ናቸው። በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው «ነጭ ሊያከብርለት የሚገባው መብት የለውም» ብለው የጻፉት እሳቸው ናቸው። ማልቪና ብልቃጡን ከደበቁበት አወጡት። ወለወሉት፣ ቀለም ሞሉትና ባላቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ሃርላን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አዩት። ከዚያ በኋላ ብዕሩ ሮጠ።

ሃርላን በ1896ም፣ ጥቁርና ነጭ ባቡር ላይ ለየብቻ ይቀመጡ የሚለው ሕግ በጸደቀበት የፕሌሲ ጉዳይ፣ ብቻቸውን ተቃወሙ። «እኩል ግን የተለያየ» የሚለው አስተሳሰብ ግን አሸንፎ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ገዛ።

ከሁሉ የሚከፋብኝ የ1903ቱ ነው። ጃክሰን ጋይልስ የሚባል የሞንትጎመሪ፣ አላባማ ጥቁር ለራሱና እንደሱ የመራጭነት ምዝገባ ለተከለከሉ ከአምስት ሺህ በላይ ጥቁሮች «መዝግቡን» ብሎ ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በዳኛ ሆምስ ብዕር እንዲህ ብሎ መለሰለት፦ ምዝገባው በሙሉ ማጭበርበር ነው ካልክ፣ አንተን እዚያ ውስጥ ብንጨምርህ የማጭበርበሩ ተባባሪ እንሆናለን፤ ነጩ ሕዝብ ላያስመርጥህ ከቆረጠም የኛ ወረቀት ምንም አያደርግልህም፤ ሂድና ፖለቲከኞቹን ጠይቅ። መምረጥ የተከለከለን ሰው ወደ ተመራጮች ላኩት! ሉዊዚያና ውስጥ በ1896 የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች 130,334 ነበሩ። በ1904 የቀሩት 1,342 ናቸው። 15ኛው ማሻሻያ ግን እንደተጻፈ ነበር።

ጋሼ የጠየቁኝ የ1965ቱ ሰልፍ፣ አላባማ ውስጥ ያለችው የሰልማ ከተማ ሰልፍ፣ ለዚህ ነው። ሰዎቹ አዲስ መብት አልጠየቁም። በ1870 የተጻፈውን ነው የጠየቁት። ማርች 7 ቀን 1965 የሰልማ ድልድይ ላይ ተደበደቡ፣ ኦገስት 6 የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ። በዚያ ሕግ በመከልከል የታወቁ ግዛቶች የምርጫ ደንብ ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል መንግሥቱን ማስፈቀድ ነበረባቸው። ጥፋቱ ሳይደርስ ይያዛል ማለት ነው። የሕጉ አከርካሪ ይሄ ነበር።

ፍርድ ቤቱ በጎ የሠራበት ጊዜ የለም አልልም። በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በየተለያየ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዳይለያዩ 9 ለ 0 የወሰነው ራሱ ነው። ግን ያ ዘመን አጭር ነበር። በ2013 የአላባማዋ ሼልቢ ካውንቲ ባቀረበችው ክስ 5 ለ 4 ያንን አከርካሪ፣ አስቀድሞ የማስፈቀዱን ግዴታ፣ ሰበረው። ዋና ዳኛ ሮበርትስ አገሪቱ ተለውጣለች አሉ። ዳኛ ጊንስበርግ፣ ይሄ ዝናብ እየዘነበ ስላልረጠብክ ጃንጥላህን እንደመጣል ነው ብለው መለሱ። ቴክሳስ አንድ ቀን አልጠበቀችም። የመታወቂያ ሕጓ ሥራ ላይ እንደሚውል በዚያው ዕለት አሳወቀች። በሕጉ የሽጉጥ ፈቃድ ያስመርጣል፤ የተማሪ መታወቂያ አያስመርጥም።

የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሚሾመው ዕድሜ ልክ ነው። የሚያጸድቀው ሴኔት ነው፣ ሴኔተሮቹን የምንመርጠው ደግሞ እኛ ነን። በአካባቢያችን ምርጫ ሲደርስ ስለ ታክስና ስለ ቪዛ አጥብቀን እንጠይቃለን። ስለ ዳኞች ሲጠየቅ ብዙም አልሰማም። የ1965ቱን ሕግ ጉልበት ለመመለስ የተዘጋጀው ሰልማ ድልድይ ላይ ከተደበደቡት አንዱ በነበሩት በጆን ሉዊስ ስም የሚጠራው ረቂቅ በ2021 በታችኛው ምክር ቤት አልፎ ሴኔት ላይ ቀረ። የሴኔት እጩ ወደኛ አዳራሽ ሲመጣና ማይኩ ሲደርሰኝ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ለዚያ ረቂቅ ድምፅህን ትሰጣለህ ወይ? ዳኛ ሊሾም ፊትህ ሲቀርብስ፣ ስለ 15ኛው ማሻሻያ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?