ቅዳሜ ከኮዬ ፈጬ

ዛሬ ሙሉ ቀን ኮዬ ፈጬ፣ እህቴ ኮንዶሚኒየም ነው የዋልኩት። ልጇ 12ኛ ክፍል ናት፤ ለኤስኤቲ፣ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መግቢያ ፈተና፣ እየተዘጋጀች ነው። «አጎቴ፣ አጠገቤ ቁጭ በልልኝ» አለችኝና የልምምድ ፈተናውን ጀመረች። 98 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። መሀል ላይ መብራት ጠፋ፤ ደግነቱ የላፕቶፑ ባትሪ በቃት።

ሒሳቡን ብዙም አልፈራችውም። ያደከማት የእንግሊዝኛው ንባብ ነው። ስትጨርስ ሳየው ያልገቧትን ጥያቄዎች ባዶ ትታቸዋለች። ኤስኤቲ ላይ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አያስቀንስም እኮ! ይህን የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። አንጀቴን በላችው።

ደግሞ እሷም ጓደኞቿም ወደ ሙሉው ነጥብ፣ ወደ 1600፣ ከተጠጉ ሃርቫርድ ወይም ኤምአይቲ በውጤታቸው ስኮላርሺፕ የሚሰጧቸው ይመስላቸዋል። እነዚህ ሁለቱ ለውጤት ብለው ገንዘብ አይሰጡም፤ የሚረዱት የቤተሰብን አቅም አይተው ነው። በውጤት የሚሰጡ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሞልተዋል፤ ችግሩ ብዙዎቹ የሚሸፍኑት ከፊሉን ብቻ ነው። ቀሪውን ዶላር እህቴ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን የምታመለክትበት ቦታ ምርጫም ያስጨንቀኛል።

ማታ ቡና እየተጠጣ ሦስታችን ቁጭ ብለን «ሙሉ ወጪ የሚችሉ» እና «በከፊል የሚሰጡ» ብለን ደብተሯ ላይ ለየን። እህቴ አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች፣ ልጅቷ ትጽፋለች። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ንባቡን አብረን እንሠራለን፤ ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ።

እዚያው ሰፈር የሚዘጋጅ ልጅ ያላችሁ፣ ይዛችሁት ኑ። ቦታ አለን።