በ97 ሲሲ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት

ሞተር ሳይክሏን የገዛኋት በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ደብረ ብርሃን ከሚኖር አንድ ነጋዴ ሲሆን፣ እርሱም ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በጅምላ ያነሣት ነበረች። በጓሮው ጥግ ዶሮዎች ኮርቻዋን ማደሪያ አድርገውታል። 7000 ብሩን ቆጥሮ ከተቀበለ በኋላ በአዘኔታ ተመልክቶኝ "እህቴ፣ ሞተሩ አይዞርም እኮ፤ ነግሬሻለሁ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ነግሮኛል። እኔ ግን ሞተር ሳይክል ነድቼ የማላውቅ፣ ካቻቢቴም የሬዲዮ ክዳን ለመክፈት ካልሆነ ይዤ የማላውቅ የፊዚክስ መምህርት በመሆኔ፣ የማይዞር ሞተር ምን ያህል የከፋ ነገር እንደ ሆነ አልገባኝም።

ዓይነቷ ያማሃ ኤጂ 100 ነው፤ "ኤጂ" የሚለው ምሕፃር ለእርሻ ሥራ የታሰበች መሆኗን ይናገራል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የተመረተው ይህ ሞዴል የተሠራው ከአስፋልት ርቆ ለሚውል ሰው ነው። ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት አለው፣ ካቴናው ጭቃና አቧራ እንዳይበላው ዙሪያውን በሽፋን ተዘግቷል፣ ሞተሩም 97 ሲሲ ብቻ የሆነ ባለ ሁለት ምት ነው። የሰልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን መያዣውን፣ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ የኩባንያው ምልክት ብቅ አለ፤ ሦስት የተጠላለፉ የሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ ሹካዎች። ያማሃ የሞተር ሳይክል ስም ከመሆኑ በፊት የኦርጋን ሠሪ ስም ነበር፤ የሞተር ሳይክሉ ኩባንያ ራሱን ችሎ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ድምፅ ሳስተምር ጠረጴዛ ላይ መትቼ የማሰማውን ዓይነት ሹካ በዛገ ቆርቆሮ ላይ ማግኘቴ፣ ምክንያቱን በቅጡ ባላውቀውም፣ ሥራውን ሳላቋርጥ እንድገፋበት ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ሆድ የለውም። ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ ይቃጠላል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ሰማያዊ ጭስም የዚያ ነው። ያማሃ ነጂው በእጁ ከመቀላቀል እንዲያርፍ ብሎ አንዲት ትንሽ የዘይት ፓምፕ ሠርቶለታል። ፓምፗ ከሞተሩ ጋር ትዞራለች፣ የምትረጨውን መጠን ደግሞ ከነዳጅ መስጫው እጀታ በሚመጣ ቀጭን ሽቦ ትለካለች። የእኔዋን ሞተር የገደላት ይህ ሽቦ ነበር። የሠፈራችን ሞተር ሠሪ ሽፋኑን ሲከፍተው ሽቦው ተበጥሶ፣ ጫፉም ከዝገት ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። የቀድሞው ነጂ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጠብታ ዘይት ብቻ እየደረሳት ሽቅብና ቁልቁል ሲነዳት ከርሟል፤ በመጨረሻም ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ቀርቷል።

ፒስተኑን ለማላቀቅ 16 ቀን ፈጀብን። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥተን በቀዳዳው ነጭ ጋዝና ናፍጣ ቀላቅለን ሞላንበት፤ እኔም በየዕለቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማስነሻ ፔዳሉ ላይ ወጥቼ በሙሉ ክብደቴ እቆምበት ነበር። አሥራ ስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ከሆዷ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ፔዳሉ በእግሬ ሥር የአንድ ጣት ወርድ ያህል ዝቅ አለ። እንደ ሕፃን ጮኽኩ። ሲሊንደሩ ሲወልቅ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የተቦጨቁ መስመሮች ነበሩበት፤ ጥፍሬን በአግድም ሳሳልፍባቸው ይይዙኝ ነበር። ቶርኖ ቤት ወስደን ከ52 ሚሊ ሜትር ወደ 52.5 አስፋነው፣ የዚያ ልክ የሆነው ፒስተንም ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ መጣልኝ። ፋሻዎቹን፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከብቡትን ቀለበቶች፣ ካልገጠምኩ ብዬ የሙጥኝ ያልኩት እኔው ነኝ። የባለ ሁለት ምት ፋሻ ጫፎቹ የሚገናኙበት ቦታ እንዳይዞር በፒስተኑ ላይ ባለች የስንዴ ፍሬ በማታክል ካስማ ተወስኗል፤ እኔ ይህን ሳላስተውል ሲሊንደሩን ወደ ታች ስጫነው የላይኛው ፋሻ ለሁለት ተሰበረ። ሌላ ፋሻ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ።

ሞተር ሠሪው ፓምፗን ጨርሶ አላመናትም። "ይቺን ዝጊያትና ዘይቱን ራስሽ ቀላቅይ፤ በእጅሽ የለካሽው አይከዳሽም" አለኝ። ምክንያቱ አሳማኝ ስለ መሰለኝ የፓምፗን መስመር በአጭር ብሎን ዘጋንና ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት በስሪንጅ እየለካሁ መቀላቀል ጀመርሁ።

ሌላው ችግር የከተማችን ከፍታ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2840 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ይህን አያውቅም፤ የለመደውን ያህል ቤንዚን ያፈስሳል። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላውም ሲወጣ እንደ ማድቤት ግድግዳ ጥላሸት ለብሶ ነው። ቤንዚኑን የምትመጥነውን ጄት የምትባል ባለ ቀዳዳ ናስ አውጥተን በሁለት ደረጃ ጠበብ በምትል ተካናት፤ የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ጠራ። እዚህ ላይ ቢያንስ ፊዚክስ ማስተማሬ ጠቀመኝ ብዬ ኮራሁ። አሮጌዋን ጄት በክብሪት ቤት ውስጥ አስቀመጥኋት።

መንዳቱን የተማርሁት መንጃ ፈቃድ ሳወጣና ከዚያም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከቆምኩበት ስነሣ ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን በድንገት በመልቀቄ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚነገር ነገር የለውም።

በኅዳር 2010 ዓ.ም. በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ተነሣሁ። መንገዱ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሌላ ሰው የግማሽ ቀን እንኳ አይሞላም፣ ለእኔ ግን ሁለት ቀን የያዝኩለት ጉዞ ነበር። የኋላው መጫኛ ላይ ብርድ ልብስ፣ ቁልፎች፣ ትርፍ ካንዴላና በሃይላንድ ጠርሙስ የተሞላ ዘይት አስሬያለሁ። ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። በአራተኛው ርግጫ ተነሣችልኝ። ከከተማው እንደ ወጣሁ ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ክምር ነው፤ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ሳላልፍ፣ አይሱዙዎች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉኝ ጠርዙን ይዤ፣ ጉዶ በረት ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው የፍሬኑን ማንሻ መያዝ አቅቷቸው ነበር። ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆውን በሁለት እጄ አቅፌ ተቀመጥሁ። ስወጣ ሁለት ልጆች ማርሚታው ላይ እጃቸውን ሲያሞቁ አገኘኋቸው። ከእኔ ይልቅ እነርሱ አውቀውበታል።

ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በገደሉ አፋፍ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ይበላሉ፤ የሞተሯ ድምፅ አላስደነገጣቸውም። መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት ሲሆን ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ያኔ ውስጡ ጨለማ ነበር፣ ከጣሪያውም ውሃ ይንጠባጠባል። ስገባ ፈራሁና ነዳጁን ቀነስሁ። በዚያው ቅጽበት የፊት መብራቷ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ፍም ዝቅ አለ። የእነዚህ ሞተሮች የፊት መብራት ኃይሉን የሚያገኘው በቀጥታ ከሚዞረው ሞተር ነው፤ ሞተሩ ሲዘገይ መብራቱም ይደክማል። ይህንን በወረቀት ላይ አውቀዋለሁ፤ ለተማሪዎቼም የጄኔሬተርን ምዕራፍ ሳስተምር በየዓመቱ እደግመዋለሁ። ከኋላዬ የጭነት መኪና ሲያጉራራ፣ ለማየት ከፈለግሁ ነዳጅ መስጠት እንዳለብኝ ማሰብ ግን የፈተና ጥያቄ እንደ መመለስ ቀላል አይደለም። ማርሽ ቀነስሁ፣ እጀታውን ጠመዘዝሁ፣ ግድግዳው ታየኝ።

ከዋሻው ማዶ ዓለም ሌላ ነው። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል፤ ከዚያም እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ መውረዱን አያቆምም፤ ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ናትና። መኪና የሚነዱ ዘመዶቼ ሁሉ የመከሩኝ አንድ ነገር ነበር፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አትመኚ፣ በማርሽ ያዢ። እኔም ታዛዥ ነኝ። በሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ፣ ሞተሯ እያቃሰተች ወረድሁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዝቼ ጥቂት ዐረፍሁና ቀጠልሁ። ወደ አርማንያ መቃረቢያ ላይ ከሥሬ አንድ ቀጭን ጩኸት መጣ፣ ያልተቀባ የበር ማጠፊያ እንደሚጮኸው። ወዲያው የኋላው ጎማ ተንሸራተተ። ፍሪሲዮኑን ጨበጥሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም፣ ጣቶቼ ራሳቸው ናቸው ያደረጉት። ጎማው መዞሩን ቀጠለ፣ ሞተሯ ግን ዝም አለች። የቀረውን ቁልቁለት በነፋስ ድምፅ ብቻ ወርጄ አርማንያ አንድ ሻይ ቤት ፊት ቆምሁ።

ልጆች ከበቡኝ። ካንዴላውን ስፈታው ጫፉ ላይ እንደ አሸዋ ፍሬ ያሉ የሚያብለጨልጩ የአሉሚኒየም ነጥቦች ተጣብቀውበታል፤ የአዲሱ ፒስተኔ አካል መሆኑ ነው። አንድ ሽበታም ሰው ከሻይ ቤቱ ወጥተው፣ ጎንበስ ብለው አዩና ጠየቁኝ።

"ነክሳ ነው፣ ልጄ?"

"አዎ ጋሼ። ዘይቷን ግን በልኬት ነው የቀላቀልኩት።"

"ልኬቱንስ አላማሁሽም። ቁልቁለቱን እንዴት አድርገሽ ወረድሽው?"

"በሁለተኛ ማርሽ ይዤ፣ ነዳጁን ዘግቼ።"

"እንግዲህ ነዳጁን ከዘጋሽው ዘይቱ በየት በኩል ይግባላት?"

መልስ አልነበረኝም። ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ናቸው፤ በደርግ ዘመን እንዲህ ያለችውን ሞተር መንዝ ውስጥ ለዓመታት ነድተዋል። የመኪና ሞተር ዘይቱ ሆዱ ውስጥ ስላለ ነዳጅ ቢዘጋበትም አይደርቅም፤ የእኔዋ ግን ዘይት የምታገኘው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ ነው፣ ቤንዚኑ ሲቋረጥባት እየዞረች ትደርቃለች። በዚያ ላይ ለደብረ ብርሃን አየር ያጠበብኋት ጄት እዚህ ወፍራም አየር ውስጥ ቤንዚኑን ከሚገባው በታች አሳንሳዋለች። የኮራሁባት ፊዚክስ ከፍታውን ስወጣ እንጂ ስወርድ አላሰበችበትም።

አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሰን አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ እርሳቸው ራሳቸው ማስነሻውን በእጃቸው ቀስ ብለው ተጫኑት፤ ዞረ። "እስቲ ልሞክራት" ብለው ጋቢያቸውን ለአንዱ ልጅ አስያዙና ረገጧት። ስትነሣ ጭሱ ፊታቸውን ሸፈነው፤ እጃቸውን ከነዳጅ መስጫው ለማንሣትም አልቸኮሉም። "ፍሬኑን አትፍሪው፣ ሁለቱንም እያፈራረቅሽ ያዢ። በየመታጠፊያው ደግሞ ፍሪሲዮኑን ይዘሽ ነዳጅ ጠቅ፣ ጠቅ አድርጊላት" አሉኝ። የሻዩን ሂሳብ ልክፈል ብል ተቆጡኝ።

ሸዋ ሮቢት የገባሁት በሙቀቱ ሰዓት፣ ጠቅ ጠቅ እያደረግሁ ነው። ማደሪያዬ በረንዳ ላይ ካርቡሬተሩን ፈትቼ በክብሪት ቤት የያዝኋትን ሰፊዋን ጄት መለስኋት። በማግስቱ ሽቅቡን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወጣሁ፤ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ቆሜ አበረድኋት፣ ደብረ ሲና ላይ ድምፅዋ መንተፋተፍ ሲጀምር እንደ ገና ጠባቧን ጄት ገጠምሁ፤ ቤንዚን የነካው ጣቴ ብርዱን በእጥፍ ይሰማዋል። ዋሻው አፍ ላይ ስደርስ ቀኑ መሽቶ ነበር። ከመግባቴ በፊት ማርሽ ቀነስሁና እጀታውን ጠመዘዝሁ።

ሰኞ ማታ ሞተር ሠሪው ቤት ሄጄ ብሎኗን ፈትተን ፓምፗን ወደ ሥራዋ እንድንመልሳት ነገርሁት። ፓምፗ ከሞተሩ ጋር ስለምትዞር ነዳጅ ቢዘጋም ጥቂት ጥቂት ዘይት መስጠቷን አትተውም። ለጊዜው አንገራገረ፣ ሲሊንደሩን ከፍተን አዲሶቹን ጭረቶች ሳሳየው ግን ዝም አለ። ሽቦው ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ድረስ ስሪንጁ ከሄልሜቴ ጎን በአንድ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።