አበበ ቢቂላን አንድ ዓመት ያዘገየሁት እኔ ነኝ

ሥራዬ ሰው በጻፈው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ማንሣት ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራዬ ይኸው ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉድ የሠራኝ ጉራው ነው።

ለተማሪዎች የሚሆን አንድ ኢንሳይክሎፒዲያ በአማርኛ እናዘጋጅ ነበር። የአትሌቶቹ ክፍል ለእኔ ደረሰኝ። መጀመሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈው የአበበ ቢቂላ ነው፣ ስድስት ገጽ። ጸሐፊው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ዝምተኛ። ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠይቁትም ግማሹን ውጦ ነው የሚመልሰው። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሳገኝ ማስተማር ያምረኛል።

ረቂቁ መጥፎ አልነበረም። ችግሩ ማወደሱ ነው። «ጀግና» የሚለው ቃል ብቻ አሥራ አራት ጊዜ ገብቷል፤ ቆጥሬዋለሁ። አንበሳው፣ ብርቅዬው፣ ዓለምን ጉድ ያሰኘው… ሁሉንም ሰረዝኩ። አንድ ሰው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ከገባ፣ ጀግና የሚለውን አንባቢው ራሱ ይጨምርበታል።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገባሁ። «የዓለምን ሪከርድ በሰፊ ልዩነት ሰበረ» ይላል። ስንት ነው ሰፊው? ሶቪየታዊው ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ላይ የሮጠው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ዜሮ ነጥብ ስምንት! ሁለተኛ የወጣውን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን የቀደመውም በ25 ሰከንድ ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሮጦ ሪከርድን ዓይን እስኪጨፈን በማይበቃ ጊዜ ማለፍ ከ«ሰፊ ልዩነት» የበለጠ የሚያስገርም ነገር ነው፤ ግን ቁጥሩን ካልጻፍከው ማን ያውቅልሃል።

ጫማውም አለ። «ጫማ መግዛት ስላልቻለ» ይላል ረቂቁ። ይህን ስንት ሰው ነው የሚያምነው! አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው፣ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር ለኦሊምፒክ ሮም የገባ የአገር ተወካይ ነው። ጫማ ነበረ። አዲሱ ጫማ አልስማማ ብሎ እግሩን አቆሰለው፣ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ በልምምድ የለመደው ነገር ነው፣ ተወው። አለቀ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲገባም ዘንድሮ ጫማ መግዣ ስላገኘ አይደለም። ድህነት ካልተነሰነሰበት ታሪኩ ለምን እንደማይጣፍጠን አይገባኝም።

«በማራቶን ተሸንፎ አያውቅም» የሚል ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ላይ 5ኛ ወጥቷል። ሰረዝኩ። አንድ በጥቅስ ምልክት የታጠረ ያማረ ንግግርም ነበረ፤ የት፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረው የለም። እሱንም ሰረዝኩ። ሮም ላይ አብሮት የተሰለፈው አበበ ዋቅጅራ 7ኛ መውጣቱ ግን ጭራሽ አልተጻፈም። ጨመርኩ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ በሁሉም ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንደ ጠጅ ነው፤ ሳይታወቅህ ይይዝሃል።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ልጁ «ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960)» ብሎ ጽፏል። እኔ ያየሁት ሴፕቴምበርን ነው። ሴፕቴምበር ማለት በእኔ ጭንቅላት መስከረም ነው፤ መስከረም ከሆነ ደግሞ ከፈረንጁ ዓመት ላይ ሰባት ይቀነሳል፣ ከጥር በኋላ ከሆነ ስምንት። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቀው ሒሳብ። 1960 ሲቀነስ 7፣ 1953። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ 2ቷን ሰርዞ 3 አደረጋት። ይህም አልበቃኝ፤ ጠርዙ ላይ «በዘመን ልወጣ ተጠንቀቅ!» ብዬ ጻፍኩለት። ከቃለ አጋኖ ጋር።

ልጁ እርማቱን አይቶ አስገባ። ምንም አላለም።

ገጹን የሚያቀናብሩልን ሴት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ናቸው። እትዬ ነው የምንላቸው። ሥራቸው ፊደሉን ከሥዕሉ ማስማማት ነው እንጂ ማረም አይደለም፤ ግን የሚያቀናብሩትን ሁሉ ያነባሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፕሩፉን፣ ከኅትመት በፊት የሚታየውን የተቀናበረ ገጽ፣ ይዘው መጡ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለዋል።

«አንተ፣ እዚህ ጋ ግራ ገብቶኝ ነው።»

«የቱ ጋ፣ እትዬ?»

«ይኼ ሰውዬ የታኅሣሡ ግርግር ጊዜ ከሮም ወርቅ ይዞ የመጣ የታወቀ የክብር ዘበኛ ነበር ይላል። ታኅሣሥ 53። ከፍ ብሎ ደግሞ ሮም ያሸነፈው በጳጉሜ 53 ነው ይላል። ታዲያ ሳያሸንፍ ነው የታወቀው?»

አየሁት። ደግሜ አየሁት። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው።

ጳጉሜ እኮ የዓመቱ ጭራ ናት። 1952 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር አምስት ቀን ብቻ ናት፤ ጳጉሜ 5 የመጨረሻዋ ቀን ነች። ሰባት የሚቀነሰው ዘመኑ ከተለወጠ በኋላ ነው፣ ዘመኑ ደግሞ የሚለወጠው በማግስቱ ነበር። አበበ የሮጠው በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው! እኔ ወሩንና ቀኑን እንዳሉ ትቼ ዓመቱን ብቻ ስቀይር በአንድ ቀን ሳይሆን በአንድ ሙሉ ዓመት ወደ ፊት ወረወርኩት። የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በታኅሣሥ 1953 ተነሥቶ ከሽፎ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ አበበ በእኔ እስክሪብቶ ሮም ላይ ያሸንፋል።

«አባቴ እኮ» አሉ እትዬ፣ «ወሬውን የሰማነው የዘመን መለወጫ ለት ጠዋት ነው ይል ነበር። ዶሮው ሳይወጠወጥ።»

ልጁን ጠራሁት። መጣና በሩ ላይ ቆመ።

«ይህን ቀን ስትጽፍ 52 መሆኑን እርግጠኛ ነበርክ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ከየት አወቅክ?»

«የ1952ን ካላንደር አውጥቼ ቆጠርኩት።»

«ታዲያ ስቀይርብህ ለምን ዝም አልክ?»

ጫማውን አየ። «እርስዎ ካሉ… ቃለ አጋኖም ነበረበት።»

ይህች የቃለ አጋኖ ነገር እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ልጁ ከማንም ያልኮረጀውን፣ ቁጭ ብሎ ቆጥሮ ያገኘውን አንድ ነገር ነው ያበላሸሁት። ለሌላው ሁሉ፣ ለጫማውም ለቦስተኑም፣ ማስረጃ አምጣ ስለው ቆይቼ ለራሴ እርማት ማስረጃ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ረቂቁን ከነእርማቴ ለልጁ ሰጠሁትና «አሁን አንተ እኔን እረም» አልኩት። ሰማያዊ እስክሪብቶ ሰጠሁት፣ ቀዩ ለእኔ ይቅር ብዬ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ሌላ የዘመን ስሕተት አላገኘም፤ ያገኘው ግን ከዘመን ስሕተት የከፋ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ አላረሙም» አለኝ። የመጨረሻው ገጽ። ከሜክሲኮ በኋላ ያለው ሕይወቱ በሁለት መስመር አልቋል፤ መኪና ተገለበጠ፣ ሽባ ሆነ፣ ሞተ። እውነቱን ነው። እኔ እዚያ ስደርስ ዓይኔ ስሕተት ይፈልግ ነበር፣ ስሕተት ደግሞ የለም። የጎደለውን ማን ይየው!

አብረን ቁጭ ብለን ጻፍነው። ስንጽፈው በፈረንጁ ቁጥር ብቻ የማይታይ አንድ ነገር ወጣ። የሜክሲኮው ማራቶን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 20 ቀን 1968 ነው፣ የመኪና አደጋው ደግሞ ማርች 1969። እንዲህ ሲጻፍ የተራራቀ ይመስላል። በእኛ አቆጣጠር ግን ሁለቱም 1961 ናቸው። ጥቅምት 10 ቀን 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በጉዳት አቋርጦ ወጣ፣ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው። አምስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት ላይ፣ ሸኖ አካባቢ ፎልክስዋገኑ ተገለበጠች። በአንድ ዘመን ውስጥ የሮጠበትም ያቋረጠበትም እግር ሄደ። ልጁ ይህን ሲያየው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ዝም አለ፤ እኔም ምንም አልጨመርኩ።

ግን እዚያም አላበቃም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ። እ.ኤ.አ. በ1970 እዚያው በአካል ጉዳተኞች የስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ቀስት ይዞ ተወዳደረ። በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ፣ በረዶ ላይ ተቀምጠው በሚንሸራተቱበት ውድድር አሸነፈ። ከአርሲም ከሸዋም ስንት ሯጭ ወጥቷል፤ ተቀምጦ በበረዶ ላይ ያሸነፈ ማን አለ? ይህ ሁሉ ከረቂቁ ውጭ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሲያርፍ 41 ዓመቱ ነው። ይህችንም ቆጠርናት፤ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ስለሆነ 42 ሊሆን አይችልም። በጣታችን ነው የቆጠርነው፣ ሁለታችንም ለየብቻ፣ ከዚያ አስተያየን።

ሮምንም እንደገና ጻፍነው። ፉክክሩ ያለቀው ከመሸ በኋላ እንደነበረ፣ መንገዱ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው እንደቆሙ፣ ሯጮቹ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ተዘርፎ በተወሰደው የአክሱም ሐውልት አጠገብ እንዳለፉ፣ መጨረሻው በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር እንደነበረ። ቅጽል የለም። «ጀግና» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ቀረ፤ ልጁ ለምኖኝ ነው።

እትዬ የተስተካከለውን ፕሩፍ ሲያመጡ ቡና ጋበዝኳቸው። ልጁም ነበረ። ዕዳዬን ስከፍል መሆኑ ነው። ስኒው ተነሥቶ ሳያልቅ ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሳይጠየቅ ሲናገር ያየሁት ያኔ ነው።

«ጋሼ፣ ሳስበው ነበር። አበበ የገባው ማታ ነው አይደል?»

«አዎ፣ ጨልሞ።»

«በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ደግሞ ቀኑ የሚጀምረው ከማታ ነው። ስለዚህ እሱ ሲገባ መስከረም 1 ገብቷል ማለት ነው። 1953።» ፈገግ አለ። «ዓመቱን እንኳን አልተሳሳቱም። ጳጉሜን ማጥፋት ነው የረሱት።»

እትዬ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ቡናውም ፕሩፉ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ገጽ ላይ።