ኦሳካን በባዶ ሆድ

ጃፓንን የሚጎበኝ ሰው ብዙውን ጊዜ ልቡ ያለው ቶኪዮና ኪዮቶ ላይ ነው፤ ኦሳካን እግረ መንገዱን አይቷት ያልፋል። እኔ ግን ጉዞዬን ከኦሳካ ጀመርኩ፤ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

የካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ባሕር ተደልድሎ በተሠራ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ባቡር ተሳፍሬ ናምባ የተባለው የኦሳካ ሰፈር ወረድኩ፤ ማደሪያዬንም ሆን ብዬ እዚያው ያዝኩ። የመብል ሰፈሩ ዶቶንቦሪ በእግር ይደረሳልና ምሳ ሳልበላ ምሽቱን ጠበቅኩ።

ዶቶንቦሪ እ.ኤ.አ. በ1615 ተቆፍሮ ባለቀ ቦይ ዳርና ዳር የተዘረጋ ሰፈር ነው። ማስታወቂያው ሁሉ በውኃው ላይ ያበራል፤ አሻሻጮች ይጣራሉ፤ ሰው ይተራመሳል። እኔን ያስቆመኝ ግን አንድ የታኮያኪ ጋጋሪ ነው። ጎድጎድ ጎድጎድ ባለ የብረት ምጣድ ላይ ቀጭን የስንዴ ሊጥ አፈሰሰ፤ በየጉድጓዱ አንዳንድ ቁራጭ ኦክቶፐስ ጣል ጣል አድርጎ ቀይ ዝንጅብልና ሽንኩርት በተነበት። ዳር ዳሩ ሲጠበስለት ወስፌ በመሰለ ሹል ብረት እያገላበጠ አድቦለቦለው። ከላይ የነሰነሰው ስስ የደረቀ ዓሣ በእንፋሎቱ ይርገበገባል። ውስጡ ይፋጃልና ከፈት አድርጎ ማብረድ ያስፈልጋል። ጾመኛ ደግሞ አስቀድሞ ይወቅ፤ ሊጡ እንቁላል አለበት።

ከአንድ ቤት ጠግቦ መውጣት አያዋጣም። ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ገዝቼ እዚያው ቆሜ በላሁ፤ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ማሸጊያውን ለሻጩ መመለስ ይሻላል። ሺንሴካይ በተባለው ሰፈር ኩሺካትሱን፣ ማለትም በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰውን ሥጋና አትክልት፣ የጋራ ስጎ ውስጥ መንከር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተነከሰ አይመለስም። ከአንድ ማዕድ እየቆረሰ ላደገ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያሻም።

ይህ የኦሳካ የመብል ፍቅር ከንግድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868 በነበረው የኤዶ ዘመን የየግዛቱ ሩዝ ተጭኖ የሚራገፈው ኦሳካ ስለነበር የአገሪቱ ማድ ቤት የሚል ስም ወጥቶላታል፤ እ.ኤ.አ. በ1730 በይፋ የተፈቀደው የዶጂማ ገበያም ገና ወደፊት በሚረከቡት ሩዝ ይገበያይ ነበር። የኦሳካ ቤተ መንግሥት ዋና ግንብ እ.ኤ.አ. በ1931 በኮንክሪት ዳግም የተሠራ ነው፤ ለእኔ ከግንቡ ይልቅ ገበያው ከተማዋን ይገልጻታል።

ኪዮቶ ከኦሳካ ጣቢያ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነች ማደሪያዬን አልለቀቅኩም፤ ጠዋት ሄጄ ቤተ መቅደሶቹን አይቼ ለእራት ናምባ ተመለስኩ።