አንዷን ቁራጭ ለሁለት

ዛሬ ጠዋት ከቀዶ ጥገና ክፍል አንዲት ቁራጭ ሥጋ መጣችልኝ። የአውራ ጣት ጥፍር ብታህል ነው። እንደ ልማዴ ፎርማሊን፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ውስጥ ልጨምራት ስል እጄ ቆመ።

አምና በዚህ ጉድ ሆኛለሁ። ናሙናውን በሙሉ ፎርማሊን ውስጥ ከትቼ ቅዳሜና እሁድ አለፈበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ህዋሱ ቁልጭ ብሎ ነበር። አርኤንኤ፣ የዲኤንኤን መልእክት የሚያደርሰውን ሞለኪውል፣ ላወጣ ስሞክር ግን ስብርባሪ ብቻ! ፎርማሊን ፕሮቲኑን እርስ በርስ ያስተሳስረዋል፤ ቅርጹ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ዲኤንኤውንና አርኤንኤውን ግን አብሮ ይቆላልፋል፣ ይቆራርጣል።

ስለዚህ በአዲስ ምላጭ ለሁለት ከፈልኳት። አርኤንኤ ጊዜ ስለማይሰጥ መጀመሪያ ትንሿን፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ያልወፈረችውን፣ አርኤንኤሌተር፣ አርኤንኤ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ፣ ውስጥ ከተትኩ። ሌሊቱን ፍሪጅ፣ ነገ ፍሪዘር። ፈሳሹ ውድ ነው። ግን በክፍል ሙቀት እንኳ አንድ ሳምንት ያህል ያቆይልኛል። መብራት እንደሁ ይጠፋል፤ ይህን ለጎንደር ሰው አልነግርም። እንዲሁ ፍሪዘር ውስጥ ብወረውራትስ? ቀስ ብላ ስትበርድ የበረዶው ቅንጣት ህዋሱን ይበሳሳዋል።

ትልቋ በፈር (አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቅ ጨው) ያለው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ገባች፣ የራሷን 10 እጥፍ በሚሆን ፈሳሽ። ነገ በዚሁ ሰዓት ትወጣለች። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፍኩ፤ እስክሪብቶ ኋላ በምትነከርበት አልኮል ይለቃል።

ማታ ፒያሳ ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ጓደኛዬ አፍንጫዋን ይዛ «ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለች። ሦስቴ ታጥቤ እኮ ነው የመጣሁት።