ጭኑ እምቢ ሲል

ዛሬ ታናሽ ወንድሜን ይዘን ፊዚዮቴራፒ ሄድን። እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሜዳ ኳስ ሲጫወት ነው የጉልበቱ ጅማት የተበጠሰው። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የሁላችንም ዓይን ያበጠው ጉልበቱ ላይ ነበር። ባለሙያዋ ግን ጭኑን ያዘችና "እስቲ ወጥረው" አለችው። ፊቱ ተጨማደደ፣ ጥርሱን ነከሰ። ጭኑ ንቅንቅ የለም!

ሁለት የሚጣበቁ ነገሮች ጭኑ ላይ ለጥፋ ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን ማሽን ከፈተች። ወዲያው ጡንቻው ከቆዳው ስር ተሰብስቦ ብድግ አለ። ለ10 ሰከንድ ያህል ድንጋይ መስሎ ቆየና ለቀቀ። እናታችን "ልጄን በኤሌክትሪክ!" ብላ ልትነሳ።

"አብሽሩ እማማ፣ በባትሪ ነው የሚሠራው" አለች ባለሙያዋ።

ወንድሜ የራሱን ጭን እንደ ሰው ጭን እያየ ይስቃል። "አትሳቅ፣ አብረኸው ወጥር" አለችው።

ለካ ጡንቻው ደህና ነው። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ በነርቭ የሚልከው መልእክት፣ ከአከርካሪ ወደ ፊተኛው ጭን የሚሄደውን ትእዛዝ ያዳክመዋል። ማሽኑ ነርቩን እዚያው ጭን ላይ ይቀሰቅሰዋል። ጭን የሚያጠነክረውን ስፖርት ግን አይተካም፤ አብሮ ነው የሚሰጠው።

እኛ ጋ ቀዶ ጥገናው ካለቀ "ዳነ" ይባልና ክራንቹ ይጣላል። የሳሳውን ጭን ማን ያየዋል? ቁልቁለት ስንወርድ ጉልበት እንዳይከዳን የሚይዘው ደግሞ ይኸው ጡንቻ ነው። ደሴ ላይ ቁልቁለት የሌለው ሰፈር ካለ ንገሩኝ፣ ቤት እንከራይለት።

በነገራችን ላይ፣ የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ይህን ማሽን እንዳይሞክር።